የአዋሽ ሸለቆ ስሞች በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ፤ ከካርድ ሣጥን እስከ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር

1. መነሻ

ከአገራችን ክፍሎች መካከል የአዋሽን ሸለቆ ያህል በብዙ ቋንቋ የተጻፈለት ጥቂት ነው። የመንገደኞች ማስታወሻ፣ የባቡር መሥመር ሰነድ፣ የመስኖ ጥናት፣ የድርቅ ዘገባ፣ የጥንተ ሰው ምርምር በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በኢጣሊያንኛና በአማርኛ፣ ከጊዜ በኋላም በአፋርኛ ተጽፏል። ይሁን እንጂ የጽሑፉ መኖር አንድ ነገር ነው፤ ተፈልጎ መገኘቱ ሌላ ነገር ነው። በ2000 ዓ.ም. በተቋቋመው የሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ስለ ተወለደበት ሸለቆ የተጻፈውን ለማወቅ በኮምፒዩተር ካታሎግ ላይ «አዋሽ» ብሎ ቢጽፍ፣ የሚያገኘው መልስ የሚወሰነው በመጻሕፍቱ ብዛት ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ የካታሎግ ሠራተኛ ስሙን በየትኛው ሆሄ እንደ ጻፈውም ጭምር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የካታሎግ ፍለጋ ያለፈባቸውን ደረጃዎች ከአዋሽና ከሰመራ ስሞች ጋር አያይዘን እንመለከታለን። የምናቀርበውም ሐሳብ አንድ ነው። ፍለጋን የሚያሻሽለው ሶፍትዌር ዛሬ ውስጡ ለሁሉ ተገልጦ በነጻ ይገኛል፤ የጎደለው በውስጡ መግባት ያለበት የቋንቋ ሕግና የስሞች ዝርዝር ነው። ይህ ደግሞ የኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻውን የሚወጣው ሳይሆን የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና የተርጓሚዎች ሥራ ነው።

2. የካርዱ ዘመን

ወመዘክር በሚል አጠራር የሚታወቀው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረቱ፣ መጽሐፍን ማግኛው መንገድ በመሳቢያ የተደረደረ ካርድ ነበር። የካርድ ፍለጋ በፊደል ተራ ላይ የተመሠረተ ነው። ተራው ራሱ ግን በአገራችን አንድ ብቻ አልነበረም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁትና በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ እንዲሁም ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት የአማርኛ መዝገበ ቃላት የተደረደሩት በአበገደ ሲሆን፣ ሌላው ሕዝብ በሀለሐመ ይማርና ይፈልግ ነበር።

የደስታ ተክለ ወልድ መጽሐፍ ርእስ ለጉዳያችን ጥሩ ምሳሌ ነው። ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይላል። ዛሬ የሚጽፍ ሰው ግን በአብዛኛው «አዲስ የአማርኛ መዝገበ ቃላት» ይላል። ከአራቱ ቃላት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይለያያሉ። የደራሲው ስምም በአንዱ ካታሎግ «ተክለ ወልድ» ተብሎ ተነጥሎ፣ በሌላው «ተክለወልድ» ተብሎ ተጋጥሞ ይገኛል። በውጭ አገር ካታሎጎች ደግሞ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ «ወልድ» በሚለው ሥር የሚገባበት ጊዜ አለ። ዘመኑም ቢሆን በአንዱ 1962፣ በሌላው እ.ኤ.አ. 1970 ተብሎ ይመዘገባል።

በካርዱ ዘመን ይህ ልዩነት ብዙ አይጎዳም ነበር፤ ምክንያቱም በፈላጊውና በመሳቢያው መካከል ሰው ነበረ። ልምድ ያለው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በአ ሥር ያጣውን በዐ ሥር ይፈልጋል። ከዚህም በላይ «ተመልከት» የሚሉ የማመሳከሪያ ካርዶች ነበሩ። «ደንከል፤ አፋርን ተመልከት» የሚል አንድ ካርድ አንባቢን ከቀድሞው አጠራር ወደ አሁኑ ይመራዋል። ይህች ትንሽ ካርድ በእውነቱ የመዝገበ ቃላት ሥራ ናት። ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ከካርዶቹ ጋር የጠፋችውም እርሷ ናት።

3. ካታሎጉ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ

የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በሄንሪየት አቭራም መሪነት፣ የካታሎግ መግለጫን ማሽን እንዲያነበው የሚያደርገውን «ማርክ» የተባለ ቅርጽ አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ዩኔስኮ «ሲዲኤስ አይሲስ» የተባለውን መርሐ ግብር ለትንንሽ ኮምፒዩተሮች አዘጋጅቶ ለታዳጊ አገሮች ያለ ክፍያ ማደል ጀመረ። ስጦታው ትልቅ ነበር። ሆኖም መርሐ ግብሩ በነጻ ይሰጥ እንጂ ውስጡ ለተቀባዩ የተገለጠ አልነበረም። ፊደሉም ላቲን ነበር።

ስለዚህ በግዕዝ ፊደል የታተመ መጽሐፍ በካታሎግ ውስጥ በላቲን ፊደል ተገልብጦ ይገባ ጀመር። አገላበጡም እንደ ሥርዐቱና እንደ ሠራተኛው ተለያየ። አዋሽን የ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ተጓዦች በመነሻው ላይ የሀን ድምፅ ጨምረው «ሐዋሽ» እንዲነበብ አድርገው ይጽፉታል፤ ፈረንሳዮች በአናባቢ አብዝተው፣ ኢጣሊያኖችም የመጨረሻውን የሸ ድምፅ በሁለት ፊደል ገልጸው በየራሳቸው ሥርዐት ጽፈውታል። ሁሉም በየካታሎጉ ገባ። ሰመራ ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጠማት። የዩኒቨርሲቲዋ ስም በላቲን ሲጻፍ በሩሲያ ቮልጋ ወንዝ ዳር ካለችው ከሳማራ ከተማ ስም ጋር አንድ ይሆናል፤ በዚያችም ከተማ በስሟ የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ አለ። በግዕዝ ፊደል ግን «ሰመራ» እና «ሳማራ» በግልጽ ይለያያሉ። የእኛ ፊደል የለየውን የላቲኑ አገላበጥ እንደ ደባለቀው ልብ ይሏል።

በኋላም የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር መጻፍ ሲቻል፣ እያንዳንዱ አዘጋጅ የየራሱን ቁጥር ለሆሄያቱ ስለ ሰጠ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው የማይነበብበት ጊዜ ነበር። ይህ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደል ቋሚ ቦታ ሲሰጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ርእስን በራሱ ፊደል መመዝገብ ተችሏል።

ዩኒኮድ ግን አንድ ችግር ፈትቶ ሌላውን ገሃድ አወጣ። ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ስለ ተሰጠው፣ ለማሽኑ ሀ ከሐ የሚለየው ሀ ከቀ በሚለይበት መጠን ነው። ሞክሼ ፊደላትን አያውቅም። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በአማርኛ በስድስት ሆሄ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)፣ ሥ እና ሴ እያንዳንዳቸው በሁለት በሁለት ሊጻፉ ስለሚችሉ፣ ስሙ 24 ዐይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። መነጠልና መጋጠም ሲጨመርበት 48 ይሆናል። ማሽኑ እነዚህን እንደ 48 የተለያዩ ስሞች ያያቸዋል። እኛም በአንድ ቤተ መጻሕፍት የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት በ«አዲስ» ፈልገን «የለም» የሚል መልስ አግኝተን፣ መጽሐፉን ከጀርባችን ካለው መደርደሪያ ላይ በዐይናችን አይተነዋል።

4. ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርና አሠራሩ

በኒው ዚላንድ የሆሮፌኑዋ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራበት የነበረው መርሐ ግብር የ2000ን ዓመት መሻገር ስለማይችል፣ ካቲፖ ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ አዲስ አሠራና እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሥራ ላይ አዋለው። ስሙ «ኮሃ» ነው። በማኦሪ ቋንቋ ኮሃ ማለት ስጦታ ሲሆን፣ ተቀባዩ በተራው እንዲመልስ የሚጠበቅበት የስጦታ ዐይነት ነው። በእኛ አገር ልማድ ከወንፈል ጋር ይቀራረባል፤ ጉልበት የተዋሰ በተራው ጉልበት ይመልሳልና። ቤተ መጻሕፍቱም የመርሐ ግብሩን ጽሑፍ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና ያሻሻለውን ለሌላው እንዲያካፍል ለቀቀው። በአገራችንም ጥቂት የማይባሉ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገለገሉበታል። ከፍለጋው ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው «ሉሲን»፣ በላዩም የተገነባውና እ.ኤ.አ. በ2006 ለአፓቺ ድርጅት የተሰጠው «ሶለር»፣ ከዚያም በአሜሪካ የቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው «ቩፋይንድ» የተባለው የካታሎግ መፈለጊያ በዚሁ መንገድ የተለቀቁ ናቸው።

ስለ ስያሜው አንድ ነገር እንጨምር። «ክፍት ምንጭ» የሚለው አጠራር በተጠቃሚዎች ዘንድ ሥር ስለ ሰደደ ማስቀረቱ አይበጅም። ነገር ግን «ምንጭ» ለአማርኛ አንባቢ በቅድሚያ ውሃን፣ ቀጥሎም የወሬን መነሻ ያሳስባል። እዚህ ላይ የተከፈተው የመርሐ ግብሩ ዋና ጽሑፍ ስለሆነ፣ መዝገበ ቃላቱ ፍቺውን ሲሰጥ ይህን በግልጽ ማመልከት ይኖርበታል።

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሶፍትዌሩ የመጻሕፍቱን መግለጫ በቀጥታ አይፈልግም። አስቀድሞ ቃላቱን ለቅሞ አንድ መጠቁም ያዘጋጃል፤ ፈላጊው የጻፈውንም ከመጠቁሙ ጋር ያስተያያል። ቃሉ ወደ መጠቁሙ ሲገባም ሆነ ፈላጊው ሲጽፈው በአንድ የሕግ ማጣሪያ ያልፋል። በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ይህ ማጣሪያ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በአንድ መሥመር «ሐ ሲመጣ ሀ ይሁን»፣ በሌላው «ሠ ሲመጣ ሰ ይሁን» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። በኮሃም ቢሆን የላቲን ላልሆኑ ፊደሎች የሚስማማውን የመጠቁም ስልት በተከላው ጊዜ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ካልተመረጠ በግዕዝ ፊደል መፈለግ አስተማማኝ አይሆንም። በዝግ ሶፍትዌር ግን ይህን ሁሉ ለማድረግ ሻጩን መለመን ግድ ይላል።

ከዚህ ላይ አንድ ታሪካዊ ነጥብ አለ። ሞክሼ ፊደላትን ስለ መቀነስ የተነሣው ክርክር ከ1940ዎቹ ጀምሮ ምሁራንን ሲያከራክር ኖሯል። አንዱ ወገን ለጽሕፈት መቅለል፣ ሌላው የቃልን ሥር ለመጠበቅ ይሟገታል። በካታሎግ ፍለጋ ግን ሁለቱም ወገኖች ሳይሸናነፉ መግባባት ይችላሉ። የመጽሐፉ ርእስ እንደ ታተመ ይቀመጣል፤ «ዐዲስ» ዐዲስ ሆኖ ለአንባቢ ይታያል። የሚቀለው መጠቁሙ ብቻ ነው።

5. ሕጉ ለየትኛው ቋንቋ?

ይሁን እንጂ ለአማርኛ የሚበጀው ሕግ ለአፋርኛ ጉዳት ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ አፋርኛ አንዱ ነበር፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። አማርኛ በንግግር ያጣቸውን የሐን እና የዐን የጉሮሮ ድምፆች አፋርኛ እስከ ዛሬ ይጠቀምባቸዋል፤ የቃልን ፍቺም ይለይባቸዋል። የሕዝቡ ስም ራሱ በአፋርኛ የሚጀምረው በዐ ድምፅ ነው። እንግዲህ ዐን ከአ የሚደባለቅ ሕግ በዚያ ዘመን በተዘጋጁ የአፋርኛ መማሪያዎች ላይ ቢሠራ ሁለት ቃላትን አንድ ያደርጋል። ትግርኛና ትግረም እንደዚሁ ናቸው። በግዕዝም መሀረ አስተማረ፣ መሐረ ይቅር አለ ነው፤ ሰአለ ለመነ፣ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው።

አፋርኛ በአሁኑ ጊዜ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሲሆን፣ የዐ ድምፅ «ኪው» በምትባለው፣ የሐ ድምፅ «ሲ» በምትባለው ፊደል ይወከላሉ። ይህን የማያውቅ አንባቢ የሕዝቡን ስም «ቃፋር» ብሎ ያነበዋል፤ ማሽኑም «አፋር» ብሎ ለፈለገው ሰው አያቀርብለትም። ስለሆነም ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በማርክ መግለጫ ውስጥ የሚገኘው የሦስት ፊደል የቋንቋ ምልክት በጥንቃቄ ተሞልቶ ሕጉ እንደ ቋንቋው እንዲለያይ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ ሁለት መጠቁም መያዝ ነው። አንዱ ሆሄን እንዳለ የሚጠብቅ፣ ሌላው ያቀለለ ሆኖ፣ ፈላጊው እንደ ጻፈው የተገኘው ከፊት እንዲቀርብ ይደረጋል። ሶለር ይህን መሥራት ይችላል።

ሌላው ችግር መስተዋድድ ነው። በብዙ የአውሮጳ ቋንቋዎች ቃል የሚለዋወጠው በመጨረሻው ስለሆነ፣ ፈላጊ በቃሉ መጨረሻ ላይ ኮከብ ምልክት ጨምሮ ዘሮቹን ሁሉ ያገኛል። በአማርኛ ግን «የአዋሽ»፣ «ያዋሽ»፣ «በአዋሽ»፣ «ካዋሽ» በመነሻቸው ይለወጣሉና ኮከቡ አይረዳም። ነጋ አለማየሁና ፒተር ዊሌት እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት፣ እንዲሁም ማይክል ጋሰር ያዘጋጀው «ሆርንሞርፎ» የተባለ ክፍት ምንጭ መተንተኛ የአማርኛን ቃል ከመነሻና ከመድረሻ ምዕላዶቹ መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። በአዋሽ ሸለቆ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መስተዋድድን በጭፍን የሚቆርጥ ሕግ ከሰም የተባለውን የአዋሽ ገባር «ሰም»፣ በሰቃ የተባለውን ሐይቅ «ሰቃ»፣ የከረዩን ሕዝብ «ረዩ» ያደርጋቸዋል። ሶለር የማይነኩ ቃላት የሚዘረዘሩበት ፋይል አለው። ባዶ ነው፤ የሚሞላው አካባቢውንና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው።

6. የአዋሽና የሰመራ ስሞች

ስሞቹን አንድ በአንድ ብናይ ሥራው ምን እንደሚመስል ይገባናል። አዋሽ ወንዝ ነው፤ የባቡር ሐዲድ ያቆማት ከተማም ናት። ከተማዋም «አዋሽ»፣ «አዋሽ ጣቢያ»፣ «አዋሽ ሰባት»፣ «አዋሽ ሰባት ኪሎ» ትባላለች፤ አዋሽ አርባ ግን ሌላ ነው። የብሔራዊ ፓርክ፣ የባንክና የወይን ጠጅ ስምም ነው። ስለዚህ በጸደቁ ስሞች መዝገብ ውስጥ «አዋሽ (ወንዝ)»፣ «አዋሽ (ከተማ)» እየተባለ መለየት ይኖርበታል። ከሰመራ በፊት የክልሉ መቀመጫ የነበረችው አሳይታ፣ ሞክሼ ፊደላቱ ብቻ 8 አጻጻፍ ሲሰጧት፣ «አሳኢታ» እና «አይሳኢታ» ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያ ያልፋል።

የሕዝቡ ስም ከሁሉ ይልቅ ማስተዋልን ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1933 እና በ1934 አዋሽን እስከ መጨረሻው የተከተለው ዊልፍሬድ ቴሲጀርና ሌሎችም የዘመኑ ጸሐፊዎች «ደናኪል» ይላሉ፤ የጥንቱ የአማርኛ አጠራር «አዳል» ነው። «አዳል» የመካከለኛው ዘመን ሱልጣኔትም ስም ስለሆነ በቀጥታ ከአፋር ጋር እኩል ሊደረግ አይገባም። «ደንከል» ደግሞ ባለቤቶቹ የማይወዱት አጠራር ነው። የተሻለው መንገድ ማመሳከሪያውን አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲኖረው ማድረግ ነው። «ደንከል» ብሎ የፈለገ አፋርን ያገኛል፤ በርእስነት የሚታየው ግን «አፋር» ብቻ ይሆናል። የሶለር የተመሳሳይ ቃላት ፋይል ይህን በአንድ መሥመር ይቀበላል። የጥንቷ «ተመልከት» ካርድ ተመልሳ መጣች ማለት ነው።

ጉዳዩ የሆሄ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ሁለት ነገር እናንሣ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሸለቆው ለመስኖ እርሻ ሲከፈት፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1965 የተፋሰሱን ጥናት ሲያሳትም፣ የአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት ጉዳይ ከእነዚህ ሥራዎች ጋር የተያያዘ ነበር። ስለ መሬቱ የተጻፈውን ለማወቅ መብት ያለው የዚያ አርብቶ አደር ልጅ ሰነዱን በአባቱ አጠራር ፈልጎ ማግኘት ካልቻለ፣ ሰነዱ ለእርሱ የለም። በሁለተኛው ወገን ሸለቆው ለዓለም ሳይንስ ቃላት ሰጥቷል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ የምትመደብበት ዝርያ በአፋር ስም ተጠርቷል። ከዚያ ወዲህም «አርዲ» (መሬት)፣ «ራሚድ» (ሥር)፣ «ገርሂ» (አስገራሚ)፣ «ኢዳልቱ» (ሽማግሌ) የሚሉ የአፋርኛ ቃላት በላቲን ስያሜ ውስጥ ገብተዋል። እነዚህን ቃላት የሰጠው ቋንቋ ተናጋሪ በራሱ ቃል ፈልጎ ወደ ጥናቶቹ የሚደርስበት በር ግን ገና በሚገባ አልተከፈተም።

7. ማጠቃለያ

ክፍት ምንጭ መሆኑ ሥራውን ያለ ድካም አያደርገውም። የሚተክለውና የሚጠብቀው ባለሙያ፣ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክና የተሟላ የካታሎግ መግለጫ ይፈልጋል። ሆኖም ለእኛ ሙያ የሚቀረው ድርሻ ግልጽ ነው። በበኩላችን ሦስት ነገር እንዲጀመር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የሞክሼ ፊደላት የፍለጋ ሕግ ለአማርኛ፣ ለግዕዝ፣ ለትግርኛና ለአፋርኛ ለየብቻ ተጽፎ እንዲጸድቅ፤ ሁለተኛ፣ የአዋሽ ሸለቆ የቦታ፣ የወንዝና የሕዝብ ስሞች በአማርኛ፣ በአፋርኛና በውጭ ቋንቋዎች ካሏቸው አጻጻፎች ጋር፣ የአፋርኛ ተናጋሪ ምሁራን በመሩት ሥራ እንዲዘረዘሩ፤ ሦስተኛ፣ ሁለቱም ማንም ቤተ መጻሕፍት ሊወስዳቸው በሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል እንዲለቀቁ።

ይህ ዝርዝር ከጥቂት መቶ መሥመሮች የሚበልጥ አይመስለንም። አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ከተጻፈ፣ በሰመራ የተሠራው በአዲስ አበባም ሆነ የግዕዝ ፊደል ባለባቸው የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ያገለግላል። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ተርጓሚዎችም ከሸለቆው ጋር በተያያዘ ሥራቸው ያጋጠማቸውን የስም አጻጻፍ ልዩነት፣ ከተገኘበት ጽሑፍ ጋር፣ በየማስታወሻቸው ቢይዙልን ዝርዝሩ ከወዲሁ ተጀመረ ማለት ነው።